ሁለት ባትሪና አንድ ሣጥን ጫጩት

ከመንዝ ከተመለስን ወዲህ የሠፈሬ ሴቶች በእድር በተገናኘን ቁጥር «እስቲ ንገሪን» ማለት አላቆሙም። ስጀምር አንዷ ታቋርጠኛለች፣ ሌላዋ «ቆይ ጭላዳ ማለት ዝንጀሮ ነው?» ትላለች፣ ሦስተኛዋ የራሷን የወሎ ጉዞ ታመጣለች። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ወረቀት አያቋርጠኝም።

እኔ ናዝሬት ተወልጄ ናዝሬት የጎለመስኩ ሴት ነኝ። ብርድ ማለት ለኔ ጥር ሲገባ ጠዋት ጠዋት ሹራብ የሚያስደርብ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ የሚረሳ ነገር ነበር። ዳገት ማለትም ከመናኸሪያው ወደ ሠፈራችን የሚያወጣው መንገድ ነው። ይሄን መጀመሪያ የምናገረው፣ ኋላ ለደረሰብን ነገር የኔም አላዋቂነት ድርሻ ስላለበት ነው።

የሄድነው በጥሩወርቅ ጉዳይ ነው። ጥሩወርቅ የባለቤቴ የደምሴ ታናሽ እህት ናት። ከመንዝ መጥታ እኛ ቤት ተቀምጣ ነው የተማረችው፤ ጸጉሯን እየሠራሁ ያሳደግኳት እኔ ነኝ ብል ማንም አይቃወመኝም። እናታቸው ሲታመሙ ልታስታምም ሄደች፣ እናትየው ሲያርፉ እዚያው ጓሳ ከሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ማዶ ባለው የእናቷ ቤት ቀረች። ዶሮ ላርባ ብላ ቤት ሠራች። የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች በአውቶቡስ ላክንላት፤ ረዳቱ ሣጥኑን ከጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ ጭኖት ኖሮ ብርዱ ፈጅቷቸው ደረሱ። ደውላ አለቀሰች። ከዚያ ብዙ ጊዜ ድምፅዋ ጠፋ። በመጨረሻ ስትደውል እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ እሞክራለሁ። እነዚህም ካለቁ ግን ዓረብ አገር እሄዳለሁ። ፓስፖርቱን አውጥቻለሁ፤ ደላላውንም አነጋግሬዋለሁ።»

ከጎረቤቴ ልጆች አንዷ ከዚያ ስትመለስ ምን ሆና እንደተመለሰች አይቻለሁ። ለደምሴ «ጫጩቶቹን እኛው ራሳችን እናደርሳለን» አልኩት። እሱ ደግሞ ይሄን ቃል ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ቶሎ ብሎ ተነሣ።

ደምሴ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ያረጀች የታክሲ ዶልፊን ሚኒባስ ገዝቶ ወንበሯን ነቅሎ፣ አልጋና ምድጃ አስገብቶ፣ ጎረቤት ሁሉ «ባለአልጋዋ» ብሎ የሰየማትን መኪና ሠርቷል። ከሁሉ የሚኮራው ግን በአልጋው ሥር ባስቀመጠው ሁለተኛ ባትሪ ነው። የሞተሩ ባትሪ ለብቻ፣ የቤቱ ባትሪ ለብቻ። ጫጩቶቹ በሚገቡበት ሣጥን ላይ ሙቀት የሚሰጥ አምፖል ገጠመና ከቤቱ ባትሪ ጋር አገናኘው። ጥሩወርቅ ይሄን ስትሰማ በስልክ ሳቀች።

«ኧረ እትዬ! ብርድ ከያዛቸው በደረቅ የጓሳ ሣር ሸፍኗቸው፤ እርስ በርሳቸው ይሞቃቃሉ። እኔም ቤት ያዘጋጀሁላቸው እሱኑ ነው።»

ደምሴ ከጎኔ ሆኖ ሲሰማ «ሣር! ድንቄም!» አለ።

ሐሙስ

ሳይነጋ ከናዝሬት ወጣን። ደብረ ዘይት ላይ ጫጩት ማስፈልፈያው በር ላይ ቆመን፣ መቶ የአንድ ቀን ጫጩት ተረከብን። ያስረከበን ሰው ወገቡን ይዞ «ውሃና ትንሽ መኖ እያቀመሳችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቢቆዩ ምንም አይሆኑም። ብርድ ግን እንዳይነካቸው፤ ብርድ ከነካቸው በቃ» አለን። እሺ ብለን ሣጥኑን አልጋው ላይ አደረግን። ጩኸታቸው! መቶ ጫጩት አንድ መኪና ውስጥ ሆኖ ሲንጫጫ ሬዲዮ ምን ይሠራል።

ደምሴ እየነዳ የባትሪውን ነገር ለመቶኛ ጊዜ አስረዳኝ። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ይዞራል፣ የሞተሩን ባትሪ ይሞላል። ከዚያ ሪሌ የምትባለዋ ትንሽ ዕቃ ጠቅ ትልና ሁለቱን ባትሪዎች ታገናኛለች፤ የቤቱም ባትሪ ይሞላል። ሞተሩ ሲጠፋ ሪሌዋ ትለያያቸዋለች። ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ቢበራ የሚያልቀው የቤቱ ባትሪ ብቻ ነው፤ የሞተሩ ባትሪ ጠዋት እንዲያስነሣን ሙሉ ሆኖ ያድራል።

«ታዲያ ስንሄድ እንበላለን፣ ስንቆም እንጾማለን በለኛ» አልኩት።

«አዎ! ገባሽ ማለት ነው» አለ፤ ደስ አለው። ከመቀመጫው አጠገብ የገጠማትን ትንሽ መብራት አሳየኝ። አረንጓዴ ከሆነች ባትሪው ሙሉ ነው፣ ቢጫ ከሆነች ጎድሏል፣ ቀይ ከሆነች ሊያልቅ ነው። ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ነበረች።

አዲስ አበባን ለማለፍ ግማሽ ቀናችን አለቀ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ፀሐይ ነበረች፤ ግን የናዝሬቷ ፀሐይ አይደለችም፣ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ያረፍነው ከደምሴ አጎት ከጋሼ ሽፈራው ግቢ ነው። ጋሼ ሽፈራው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከነተሳቢው ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥርሳቸው ያልተነካ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና፦

«ለመሆኑ ማነው መንዝ ድረስ የሚነዳት?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ደምሴ።

«አንተ የናዝሬት ሜዳ ነጂ! ገደል ስታይ ዓይንህን ልትጨፍን? ነገ እኔ ነኝ የምነዳት።»

ነገሩ አለቀ። ባለቤታቸው የበግ ወጥ በገብስ እንጀራ አቀረቡልን። የገብስ እንጀራ እንደኛ ጤፍ አይለሰልስም፣ ግን ሁለት ጉርሻ ይበቃል፤ እኔ አራት ጎረስኩ። ቤት እንድናድር ለመኑን። እኔ ከጫጩቶቹ አልለይም አልኩ፣ ደምሴም ከባትሪው አልለይም አለ። ጋሼ ሽፈራው የኤሌክትሪክ ገመድ ዘርግተው «ይሄን ሰካው» ቢሉት፣ «ባትሪ እያለኝ?» ብሎ እንደተሰደበ ሰው ሆነ። እውነቱን ለመናገር ሌሊቱን አምፖሉ አልደከመም። ስንነቃ መብራቷ ገና ቢጫ ነበረች። ደምሴ ጢሙን ሳይላጭ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደድ ጀመር።

ዓርብ

ጋሼ ሽፈራው መሪውን ያዙ። ደምሴ መኪናዋን ሲያዘጋጅ ከርሞ እንቅልፍ ስላጣ ከኋላ ከጫጩቶቹ አጠገብ ጋደም አለና ወዲያው አንኮራፋ። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ።

ጣርማበር ስንደርስ የደሴውን መንገድ ትተን ወደ ግራ ታጠፍን። ነፋሱ የመኪናዋን በር ከእጄ ነጥቆ ሊወስደው ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ሌላ ነው። ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ የበጎቹ ጋጣ ድንጋይ፤ በመካከሉ ቢጫ የገብስ ማሳ። እኛ ዘንድ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ሰው እዚህ ግድግዳ ተጠግቶ ፀሐይ ይሞቃል።

የመጀመሪያው ትልቅ ቁልቁለት ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ሆነ። መኪናዋ ዝም አለች። ያ ሁሉ ማጓራቷ ጠፋና በጸጥታ መንሸራተት ጀመርን። የነፋሱ ድምፅና የጫጩቶቹ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲነዷትማ ድምፅ እንኳ የላት!» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «መኪናም እንደ ሰው ነው። ቁልቁለት ላይ ማረፍ አለባት።»

እውነት መሰለኝ። ናዝሬት ሜዳ ነው፤ መኪና ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን ከየት አውቃለሁ? ታች ስንደርስ ማርሽ አስገቡ፣ እሷም ንዝር ብላ እንደገና ማጓራት ጀመረች። እንደዚሁ ስንወጣ ስንወርድ ስንወጣ ስንወርድ፣ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ያን ጸጥታ እንደ ልጅ እጠብቀው ጀመር።

መዘዞ አካባቢ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን አግድሞ ተሰብሮ ቆመ። ከኛ በፊት አውቶቡስ፣ ከኋላችን የበግ ጫኝ አይሱዙ። የአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ወርደው ቆሎ አዘገኑን፤ አንዲት አሮጊት ሣጥኑን ከፍተው አዩና «የማርያም አበቦች!» ብለው ሦስት ጊዜ እፍ እፍ አሉባቸው። ሰዓቱ ሄደ። ሞላሌ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ መሐል ሜዳ የመድረሳችን ነገር ቀረ። ደምሴ ነቅቶ መብራቷን ሲያያት ቀይ ሆናለች።

«አይሆንም!» አለ። «ቀኑን ሙሉ ነድተን?»

የምናድርበት ስንጠይቅ ባለሱቋን ዘሃራን አሳዩን። ዘሃራ በኔ ዕድሜ ያለች፣ ከቆላ መጥታ ሞላሌ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የምትነግድ ሴት ናት። የግቢዋን በር ከፈተችልን። ደምሴ ትዕቢቱን ውጦ «የኤሌክትሪክ ገመድ ይኖርሻል?» ሲላት «ገመዱስ አለኝ ወንድሜ፣ መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ የለም» አለችው። ወዲያው ግን ውሃ አፍልታ ጀሪካን ሞላች፣ በጋቢዋ ጠቀለለችና ከሣጥኑ ጎን አኖረችልን። ከዚያ ሽሮ ይዛ መጣች።

«ጾመኞች መሆናችሁን አውቃለሁ» አለች። «ብሉ፣ ይሄን ድስት ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻ ነው የማስቀምጠው።»

እኔ ለጎረቤቴ ለብቻ ያስቀመጥኩለት ድስት አለኝ ወይ ብዬ አሰብኩ። የለኝም። ከተመለስኩ በኋላ ገዝቻለሁ።

ደምሴ አልበላም። የእጅ ባትሪ አብርቶ አልጋው ሥር ገባ። ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። ገመዱን ጎተተ፣ ደህና ነው። በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና ፈረደ። «ሪሌዋ ናት! ከዳችኝ።» ሪሌዋን ነቀላትና ሁለቱን ባትሪዎች በወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ላይ አሰራቸው።

«እንዴ፣ እንዲህ ከሆነ የሞተሩም ባትሪ አብሮ አያልቅም?» አልኩት። የሐሙሱ ትምህርት አልጠፋኝም ነበር።

«ሁለት ሲሆኑ ይበረታሉ» አለ። «ደግሞ አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ጋሼ ሽፈራው ቁልፉን ቢያዞሩት መኪናዋ እንደ በሽተኛ አቃሰተች እንጂ አልተነሣችም። የዘሃራ ጎረቤቶች ወጡና ገፏት። ከመካከላቸው አንዱ ጋቢውን እንደለበሰ ሲገፋ «አልጋዋ ላይ ማን ተኝቷል?» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ተነሣች። ዘሃራ ጋቢዋን አልቀበልም አለች፤ «ለጫጩቶቹ ነው፣ ስትመለሱ» ብላ በሩን ዘጋችብን።

እንደገና ሽቅብ፣ እንደገና ቁልቁል። ደምሴ አኩርፎ ከኋላ ከጫጩቶቹ ጋር ተቀመጠ፤ በነሱ ጫጫታ መሐል የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር። እኔ ከፊት ሆኜ ያን ደስ የሚል ጸጥታዬን አጣጥም ነበር።

መሐል ሜዳ ትልቅ ከተማ ናት፤ ትምህርት ቤቷ፣ መሥሪያ ቤቷ፣ የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት። ምሳ በላን። ጎማ የሚሠራ ሰው መብራቷ ቀይና ቢጫ ስትል አየና «መብራት አለኝ፣ ባትሪዎቹን ትንሽ ሰዓት ተዉልኝ፣ ቻርጅ ላድርግላችሁ» አለ። ደምሴ «አያስፈልግም፣ መንገዱ ራሱ ይሞላቸዋል» አለው። በክርኔ ጎሸምኩት። አልሰማኝም። ጥሩወርቅ ደውላ «ፈረስ ይዤ እስከ ጓሳው መሐል እቀበላችኋለሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ያለው ተስፋ አስፈራኝ።

ከመሐል ሜዳ ስንወጣ ጋሼ ሽፈራው «ና ከፊት ተቀመጥ፣ የአባትህን አገር ላሳይህ» ብለው ደምሴን ጠሩት። እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሣጥኑን በሁለት እጄ ይዤ በመስኮት አየሁ። ጓሳ ማለት ሣር ነው፤ ሣር፣ ሣር፣ እስከ ሰማዩ ጫፍ ሣር። አልፎ አልፎ ጅባራ የሚባለው ረጅም ተክል ሰው መስሎ ቆሟል። ቤት የለም። እኛ አገር ይሄን የሚያህል ባዶ መሬት ቢገኝ በሳምንቱ አጥር ይሞላው ነበር። እዚህ ግን መንደሮቹ ተስማምተው ዘግተውታል፤ ሽማግሌዎቹ ክፍት ነው እስኪሉ ድረስ አንድ እፍኝ ሣር የሚያጭድ የለም።

ረጅም ቁልቁለት መጣ። ጸጥታዬም መጣ።

«ጋሼ!» ደምሴ ጮኸ። «ሞተሩ ጠፋ! ጋሼ፣ ሞተሩ!»

«ምን ያስጮህሃል? አልጠፋም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ምን? ምን አሉ?»

«ነዳጅ ነዋ ልጄ! ቁልቁለት በነጻ ሲሰጥህ ነዳጅ ታቃጥላለህ? አርባ ዓመት እንዲህ ነድቻለሁ።»

ደምሴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ከትናንት ጀምሮ? ቁልቁለት ሁሉ ላይ?»

«ሁሉም ላይ» አሉ፤ እየኮሩ።

ቀጥሎ በሆነው ነገር ማንም ላይ አልፈርድም። ከፊታችን የጭላዳ መንጋ መንገዱን ሞልቶ እየተሻገረ ነበር። ትልልቆቹ ወንዶች ያን ጎፈሬያቸውን አንዘርፍፈው መሐል መንገድ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ጋሼ ሽፈራው ፍሬን ያዙ። መኪናዋ ቁልቁለቱ ሥር፣ ሽቅቡ ከመጀመሩ በፊት፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባች ዕቃ ቆመች። ጭላዳዎቹ አለፉ። ቁልፉ ዞረ። «ጠቅ» ብቻ። ደግመው አዞሩት። «ጠቅ።»

ከሣጥኑ በላይ ያለው አምፖል ቀላ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ።

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠልን። ሪሌዋ ምንም አልሆነችም ነበር፤ ሞተሩ ሲጠፋ መለያየት ሥራዋ ነው። ዲናሞው አልዞረም፣ ባትሪው አልሞላም። ደምሴ ደግሞ ደህናዋን ሪሌ ነቅሎ፣ የሞተሩን ባትሪ ከቤቱ ጋር አስሮ፣ አምፖሉ ሁለቱንም እንዲበላቸው አደረገ። አጎትና የወንድም ልጅ ይጨቃጨቁ ጀመር። አንዱ «ፍሬኑስ ያለ ሞተር እንደሚደነድን አያውቁም?» ይላል፤ አንዱ «ባትሪህ ቁልቁለት የማይችል ከሆነ ለምን መንዝ አመጣኸው?» ይላል። እኔስ? ሁለት ቀን ሙሉ ያን ዝምታ ሳደንቅ አልነበር? ለደምሴ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ተናደድኩ፤ በነሱም በራሴም።

«ዝም በሉ ሁለታችሁም!» አልኩ። «ስሟቸው እስቲ።»

ጫጩቶቹ አጯጯሃቸው ተለውጦ ነበር። ሹል፣ የማያቋርጥ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፣ ነፋሱ በመኪናዋ ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። የጀሪካኑ ውሃ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ዓይኔ ላይ የመጣችው ጥሩወርቅ ናት፤ ሻንጣ ይዛ አየር ማረፊያ ሰልፍ ላይ።

የጓሳ ሣር! እሷው ናት ያለችኝ። ከመኪናዋ ወረድኩ፣ መንገዱ ዳር ነጠላዬን ዘርግቼ ተንበርክኬ የደረቀ የደረቀውን መንጨት ጀመርኩ።

«እናቴ! ይተዉት! ይተዉት እባክዎ!»

ከሽቅቡ ላይ አንድ ሰው ዱላውን እያወዛወዘ ይሮጣል። ጥቁር የሱፍ ባና ለብሷል፣ ፊቱን ብርድ ያጠቆረው የአርባ ዓመት ሰው ነው። ደረሰ። ማሙሸት እባላለሁ አለ፤ መንደሮቹ የመረጡት የጓሳ ጠባቂ ነው።

«እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም» አለ፣ እያለከለከ። «ዝግ ነው።»

«ወንድሜ፣ ጫጩት ሊሞትብኝ ነው! አንድ ነጠላ ሣር ነው!»

«አውቃለሁ። አንድ እፍኝም ቢሆን አይሆንም። ሊከፈት የቀረው ጥቂት ወር ነው። የእናቴ ጣሪያ ያፈሳል፤ እሷ እየጠበቀች ነው። ሁሉም እየጠበቀ ነው። እኔ ለእርስዎ ልፍቀድ? ነገ ምን ብዬ እከለክላለሁ?»

«ልብ የለህም!» አልኩት። ደምሴ ጎተተኝ። ማሙሸት ግን አልተቆጣም። የነጨሁትን ሣር ከነጠላዬ ላይ አንሥቶ፣ የነጨሁበት ሥፍራ ላይ መልሶ አኖረው። ወደ መኪናዋ ሄደና ሣጥኑን ከፈተ። ጫጩቶቹ አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው ነበር። ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ተከተሉኝ» አለ።

ሣጥኑን ተሸክመን ተከተልነው። ከመንገዱ ዘወር ብሎ ጉብታ ሥር አንዲት ክብ የድንጋይ ጎጆ አለች፤ ቀን ሲጠብቅ የሚውልባት፣ ሲመሽም የሚያድርባት ናት። ሣጥኑን ውስጥ አስቀመጠ፣ ወጣ፣ የጎጆዋ ግድግዳ ላይ ተንጠላጥሎ የጣሪያዋን የሣር ክዳን መግፈፍ ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ደምሴ።

«ይሄ የኔ ነው» አለ ከላይ ሆኖ። «ያለፈው ጊዜ ሲከፈት ያጨድኩት፣ በፈቃድ። ይሄን ለማንም ብሰጥ የሚጠይቀኝ የለም።»

ልብ የለህም ያልኩት ሰው የራሱን ጣሪያ እየገፈፈ ወደ እጄ ይጥልልኛል። ጋሼ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሣሩን መቀበል ጀመሩ። የላይኛውን ዝናብ ያጠቆረውን ተውነው፤ የታችኛው ደረቅና ለስላሳ ነበር። ሣጥኑን በአራት ጎኑ በሣር ከበብነው፣ ሥሩም አነጠፍን፣ ከላይ የዘሃራን ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ደግሞ ሣር፣ ለትንፋሽ ትንሽ ቀዳዳ ትተን። ማሙሸት ባናውን አውልቆ ከሁሉም በላይ ደረበልን። እሱ በሸሚዝ ቀረ።

ከዚያ ጠበቅን። የጫጩቶቹ ጩኸት ቀነሰ። ቀነሰ። ጠፋ።

እንደዚያ ዝምታ ያስፈራኝ ነገር የለም። ደምሴ ዓይኔን አያይም። ደግሞ ዝምታ፤ የሰሞኑ ዝምታ ሁሉ የት እንዳደረሰኝ አይቻለሁ። እጄን በቀዳዳው ሰደድኩ። ሞቀኝ። እንደ ተባዘተ ጥጥ የለሰለሰ፣ የሞቀ፣ የሚነፋ የሚኮማተር ነገር እጄን ከበበው። ተኝተው ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሳይጨልም ጥሩወርቅ ፈረሱን እየሳበች ደረሰች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠን ወደ ሣጥኑ ሄደች፣ ተንበረከከች፣ እሷም እጇን ሰደደች። ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ሰማይ ይታያል። ማሙሸትን አየችው።

«አንተስ የት ታድራለህ?»

«እዚሁ» አለ እየሳቀ። «ኮከብ እቆጥራለሁ።»

ጋሼ ሽፈራው ጋቢያቸውን አለበሱት። እምቢ ሲል «ተው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉት። በሕይወታቸው እንዲህ ብለው አያውቁም፣ አለኝ ደምሴ በኋላ። ወንዶቹ ከመኪናዋ ጋር ቀሩ። እኔ ፈረሱ ላይ ሣጥኑን ታቅፌ፣ ጥሩወርቅ ልጓሙን ይዛ ጓሳውን አቋረጥን። ፈረስ ላይ ስወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ መውደቅ እፈራ ነበር፣ ግን እጄ ሣጥኑን ስለያዘ የምይዘው አልነበረኝም።

እሑድ

ጠዋት ጥቂቶቹ ሞተው አገኘናቸው፤ ደካሞቹ። የቀሩት ከሣር ቤታቸው ወጥተው መኖውን ሲረባረቡበት ማየት ነበር! የጥሩወርቅ የጫጩት ቤት አምፖል የለበትም። ሣጥን ውስጥ ሣጥን፣ በመሐሉ ሣር፣ በቃ። የመጀመሪያዎቹ እዚህ ሳይደርሱ ነበር ያለቁት።

ከቀትር በኋላ ወንዶቹ ደረሱ። አንድ የጭነት መኪና አልፎ ባትሪ አዋሳቸው። ደምሴ ሪሌዋን ቦታዋ መልሷታል፤ ጋሼ ሽፈራው ደግሞ ቁልፉን ለደምሴ ሰጥተው ከጎኑ ተቀምጠው መጡ። ደምሴ የጫጩት ቤቱን ዞሮ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እዚህጋ አንዲት ትንሽ ባትሪ ቢገባ...»

ሦስታችንም አየነው። ተወው።

ልንለያይ ስንል ጥሩወርቅ ከልብስ ሣጥኗ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጡቴ ሥር ወሸቀችልኝ።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ እትዬ። እዚህ ካለ፣ በከፋኝ ቀን እጄ ወደሱ ይሄዳል።»

ፓስፖርቱ ነበር። ላስቲኩን ሳልፈታ አቀፍኳት። ስንመለስ ቁልቁለት ሁሉ ላይ መኪናዋ አጓራች፤ እንደዚያ ድምፅ ጆሮዬን ደስ ያሰኘው ነገር የለም። ሞላሌ ላይ የዘሃራን ጋቢ መለስን። ሣር ሞልቶበት ነበር፣ ዘሃራ እያራገፈች ሳቀች።

ይሄ ከሆነ ወራት አለፉ። ፓስፖርቱ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከአንሶላ ሥር ነው። ባለፈው ጥሩወርቅ ደወለች፤ ነፋስ ስለነበር እየጮኸች ነው የምታወራው። ዶሮዎቹ እንቁላል ጀምረዋል አለችኝ። እልል አልኩ። ከዚያ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳት፦

«ታዲያ ያንን ዕቃሽን ልላክልሽ፣ ወይስ?»

«የትኛውን ዕቃ?» አለች።

እውነቷን ነው፤ ረስታዋለች። ልነግራት አፌን ስከፍት ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ፣ ዘፈንና ሳቅ ሰማሁ።

«እትዬ፣ በኋላ እደውላለሁ» አለች። «ጓሳ ዛሬ ተከፈተ። እስካሁን ለማሙሸት ጎጆ ሳጭድ ነበር፤ አሁን የኔን ልጀምር ነው።»